የጠርሙስ ዕድል በሠሪው እጅ

በአገራችን ቤተ ሰብ ዘንድ ጠርሙስ ውኃው ስላለቀበት ብቻ አይጣልም። ሕዝባችን ቀድሞ በታወቀው የውኃ ስም «ሃይላንድ» እያለ የሚጠራው የፕላስቲክ ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት ይቀዳበታል፤ ከደብር ጠበል ይመጣበታል፤ ተማሪው ውኃ ይዞበት ይሄዳል፤ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ማር ይሞላበታል። አንገቱ ተቈርጦም ችግኝ ይፈላበታል። ይህ ሁሉ አገልግሎት ሲያበቃ ቆራሌው በሰፈሩ እየተጣራ ያልፍና ገዝቶት ይሄዳል።

የቤቱ እመቤት በዚያች ሰዓት ልብ ብላ ብትመለከት አንድ ነገር ታስተውላለች። ቆራሌው ከቀረበለት ክምር አንዱን አንሥቶ ሌላውን ይተወዋል። ነጩን የውኃ ጠርሙስ በደስታ ይወስዳል፤ ቢጫውን ጀሪካን አይንቅም፤ የብስኩቱን መጠቅለያ፣ የሻምፖውን ትንሽ ከረጢት፣ የጥርስ ሳሙናውን ቱቦ ግን ዘወር ብሎም አያያቸው። ሁሉም ፕላስቲክ ተብለው ሲጠሩ ይህ መድልዎ ስለ ምን መጣ? ቆራሌው የሚያነሣው የሚሸጥለትን ነው፤ የሚሸጥለትም ፋብሪካው አቅልጦ መልሶ ሊሠራበት የሚችለው ነው። የቆራሌውን ፍርድ ወደ ኋላ እየተከተልን ብንሄድ በመጨረሻ የምንደርሰው ዕቃው ገና ሳይሠራ ቅርጹና ቀለሙ በተነደፈበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናብራራ የፈለግነው የዚያን ጠረጴዛ ጉዳይ ነው። የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

«ፕላስቲክ» የሚለው ስም «እህል» እንደሚለው ስም ያለ ነው። ጤፍም፣ ስንዴም፣ ባቄላም እህል ይባላሉ፤ ነገር ግን ባቄላና ጤፍ ተቀላቅለው ቢፈጩ ከዚያ ዱቄት ደኅና እንጀራ አይወጣም። እንደዚሁም የውኃው ጠርሙስ የተሠራው ፔት ከሚባለው ዓይነት ነው፤ ክዳኑ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤቲሊን ከሚባሉት ነው፤ ጀሪካኑ ከጠንካራው ፖሊኤቲሊን ነው፤ በየቤታችን የምናያቸው ብዙዎቹ የፕላስቲክ ቧንቧዎች ደግሞ ፒ ቪ ሲ ከሚባለው ናቸው። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፔት የሚቀልጠው ሙቀቱ ከ250 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ፒ ቪ ሲ ይህን ያህል ሙቀት ሲያገኘው ይበላሻል፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚባለውንም የሚያቃጥል ትነት ያወጣል፤ አጠገቡ ያለውንም ፔት ያደክመዋል፤ መልኩንም ያጠይመዋል። ስለዚህ በብዙ ሺህ ጠርሙሶች መካከል የገቡ ጥቂት የፒ ቪ ሲ ቁራጮች፣ በጤፍ ውስጥ እንደ ገባ አሸዋ፣ ሙሉውን ሥራ ያበላሹታል።

መልሶ የሚሠራው ፋብሪካ ሥራ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠርሙሶቹ በመኪና ቀበቶ ላይ ሲያልፉ ለሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን ይበራባቸዋል፤ መሣሪያውም ከእያንዳንዱ ተመልሶ ከሚመጣው ብርሃን ዓይነታቸውን ለይቶ፣ የማይፈለገውን በነፋስ ግፊት ወደ ሌላ ወገን ይጥለዋል። መሣሪያ በሌለበት አገር ይህን የሚሠራው የሰው ዓይንና እጅ ነው። ከዚያ ጠርሙሶቹ ይከተከታሉ፤ ቁራጮቹ ኮስቲክ ሶዳ በገባበት ሙቅ ውኃ ይታጠባሉ፤ በገንዳም ውስጥ ይለቀቃሉ። በዚህ ገንዳ የሚሆነውን እመቤቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ምስር ሲታጠብ ገለባው ተንሳፍፎ ምስሩ ከታች እንደሚቀር ማለት ነው። ፔት ከውኃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፤ የክዳኑ ቁራጭ ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ሁለቱ ያለ ብዙ ድካም ይለያያሉ። የሰመጠው ደርቆ ይቀልጥና እንደ ሽንብራ እያነሰ የተቈረጠ እንክብል ይሆናል፤ እንክብሉም ክር ወይም አዲስ ጠርሙስ ይወጣዋል።

ይህን የገንዳውን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

የፔት ዘሩ የጨርቅ ነው። በ1941 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ለክር ብለው ሠሩት፤ ዛሬ ፖሊስተር እያልን የምንለብሰው ጨርቅና የውኃው ጠርሙስ በዘር አንድ ናቸው። ወደ ጠርሙስነት ያመጣው የስመ ጥሩው ሠዓሊ የአንድሩ ዋይት ወንድም፣ ናትናኤል ዋይት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው ዱፖንት በተባለው ኩባንያ ሲሠራ፣ ጋዝ ያለበት መጠጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሊቀመጥ ይችል እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ። የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ አጥቦ የዝንጅብል መጠጥ ሞላበትና በማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደረው። በማግስቱ ሲከፍተው ጠርሙሱ ተነፍቶ በመደርደሪያዎቹ መካከል ተቀርቅሮ አገኘው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሲደክም ቆይቶ ግፊቱን የሚችል የፔት ጠርሙስ አሠራር አገኘ፤ በ1973 ዓ.ም.ም በስሙ የፈጠራ መብት ተሰጠው።

ነገር ግን ግፊትን በደንብ የሚችለው ቅርጽ ድቡልቡል ነው፤ ድቡልቡል ነገር ደግሞ በጠረጴዛ ላይ አይቆምም። ስለዚህ ቀደምቶቹ ትልልቅ የለስላሳ ጠርሙሶች እንደ ስኒ ያለ ከጠንካራ ፖሊኤቲሊን የተሠራ መቀመጫ ከታች በሙጫ ይጣበቅላቸው ነበር። አንድ ጠርሙስ ሁለት ዓይነት ፕላስቲክና በመካከላቸው ሙጫ ሆነ ማለት ነው። መልሰው የሚሠሩት ሰዎች መቀመጫውን ከሆዱ ለመለየት፣ ሙጫውንም ለማጠብ ብዙ ይቸገሩ ነበር። በኋላ የታችኛውን ክፍል በአምስት ትንንሽ እግሮች የሚያቆም ቅርጽ ተገኘ፤ አንባቢ በእጁ ያለውን የለስላሳ ጠርሙስ ገልብጦ ቢያየው ያገኛቸዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያ የተጣበቀ መቀመጫ ከገበያ ጠፋ። ጠርሙሱ በገዛ እግሩ ሲቆም ለፋብሪካው ወጪ ቀነሰለት፤ ለአጣቢውም አንድ የፕላስቲክ ዓይነትና ሙጫው ከነመላቸው ቀሩለት። በእኛ አስተያየት ጥሩ ንድፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ገዢው ለውጡን እንኳ አላወቀውም።

ቀለም ከዚህ ይልቅ ብርቱ ክርክር ያስነሣል። ሸማኔ ለሆነ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ነጭ ፈትል የፈለጉትን ቀለም ይቀበላል፤ የተነከረውን ግን መልሶ ነጭ ማድረግ አይቻልም። የፔትም ነገር እንዲሁ ነው። ነጩ፣ ይኸውም ብርሃን የሚያሳልፈው ጠርሙስ ሲቀልጥ መልሶ ጠርሙስ ሊሆን፣ ክር ሊሆን፣ የተፈለገውን ቀለም ሊቀበል ይችላል። አረንጓዴው ሲቀልጥ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከሰማያዊውና ከቡናማው ጋር ሲቀልጥ ደግሞ ማንም ለመጠጥ የማይመርጠው አመድ መሰል ነገር ይወጣል። ስለዚህ የሚሄደው ወደ ምንጣፍ፣ ወደ ማሰሪያ ጠፍርና ወደ መሰሎቹ ነው፤ ገበያው ጠባብ ስለ ሆነ ዋጋውም ያንሳል።

ስፕራይት የተባለው ለስላሳ መጠጥ በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ ከወጣ ጀምሮ አረንጓዴ ጠርሙስ መታወቂያው ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየውን ይህን መልክ ባለቤቱ የኮካ ኮላ ኩባንያ በ2022 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ ትቶ በነጭ ፕላስቲክ ተካው። የሰጠውም ምክንያት አረንጓዴው ተሰብስቦ ልብስና ምንጣፍ ከመሆን አልፎ ዳግመኛ ጠርሙስ የመሆን ዕድል ስላልነበረው ነው። አረንጓዴነቱ በልጣፉ ላይ ቀረ፤ መጠጡም አልተለወጠም።

ጃፓኖች ግን ይህን ቀድመው አስበውበታል። የመጠጥና የጠርሙስ ፋብሪካዎቻቸው በ1992 ዓ.ም. ማንም ሳያስገድዳቸው የንድፍ መመሪያ አወጡ፤ በ2001 ዓ.ም.ም አሻሽለውት በአገራቸው ለመጠጥ የሚሠራ ጠርሙስ ሁሉ ቀለም የሌለው እንዲሆን ተስማሙ። ጃፓን አረንጓዴ ሻይ እንደኛ ቡና የሚወደድበት አገር ነው፤ ሻዩም ጭምር በነጭ ጠርሙስ ይሸጣል። ልጣፉ በእጅ ሲጎተት በቀላሉ እንዲቀደድ ጫፍ ለጫፍ በነጥብ የተበሳ ነው። የቤቱ ሰው ክዳኑንና ልጣፉን ለይቶ፣ ጠርሙሱን አለቅልቆና ጨፍልቆ በተወሰነለት ቀን ያወጣል። ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አሳሂ የተባለው ኩባንያ በካርቶን ለሚሸጠው ውኃ ልጣፍ የሌለው ጠርሙስ አውጥቷል፤ የሚጻፈው ሁሉ በካርቶኑ ላይ ይጻፋል። በዚያ አገር ከሚሸጡት 100 የፔት ጠርሙሶች ከ80 የሚበልጡት ተመልሰው ለሥራ ይውላሉ። የሕዝቡ ሥርዓት አክባሪነት የታወቀ ነው፤ ሆኖም ልጣፉ በሙጫ ተጣብቆ የማይላቀቅ ቢሆን ኖሮ የቱንም ያህል ሥርዓት ያለው ሰው ማለዳ ማለዳ በቢላዋ ሲፍቅ አይውልም ነበር።

ጎረቤታቸው ደቡብ ኮርያ ነገሩን በሕግ አደረገችው። ከ2019 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር መጨረሻ ጀምሮ ቀለም ያለው የፔት የመጠጥ ጠርሙስና የፒ ቪ ሲ ማሸጊያ ተከለከሉ። በዚያ አገር ማክጎሊ የሚባል ከሩዝ የሚጠመቅ፣ እንደኛ ጠላ የድፍርስ መልክ ያለው ባህላዊ መጠጥ አለ፤ አረንጓዴው ጠርሙስ ለብዙ ዓመታት መለያው ነበር። የታወቀው የሴኡል ማክጎሊ በ2020 ዓ.ም. ነጭ ጠርሙስ ለበሰ። የቢራው ቡናማ ጠርሙስ ግን ጊዜ ተሰጠው፤ ብርሃን የቢራን ጣዕም ስለሚያበላሽ ነው። ይህ ለየት ያለ ፍርድ ትክክል ይመስለናል። ማሸጊያ ከሁሉ አስቀድሞ የተሠራው ምግቡን ለመጠበቅ ነው፤ ጠርሙሱ ለማቅለጥ ተመችቶ ወተቱ ቢበላሽ ምንም አልተጠቀምንም።

ከቀለም ቀጥሎ የሚመጡት ጠላቶች ጥቃቅን ናቸው፤ ክፋታቸው ግን ጥቂት አይደለም። አንዱ ሙጫ ነው። በሙቅ ውኃ የሚለቅ ሙጫ አለ፤ የማይለቅም አለ። የማይለቀው በፔቱ ቁራጭ ላይ ተጣብቆ ወደ እቶኑ ይገባና ተቃጥሎ ያጠይመዋል። ሁለተኛው የጽሕፈት ቀለም ነው። ውኃ ውስጥ የሚለቅ ከሆነ የመታጠቢያውን ውኃ አቅልሞ ነጩን ሁሉ ያበላሻል፤ አንድ ቀይ ጨርቅ ከነጭ ልብስ ጋር የታጠበ ዕለት የሚሆነውን የማታውቅ እመቤት የለችም። ሦስተኛው ጠርሙሱን ከአንገቱ እስከ እግሩ የሚያለብሰው፣ በሙቀት ተኮማትሮ የሚጣበቀው የፕላስቲክ ቀሚስ ነው። ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ያ መለያ ብርሃን የሚያየው ቀሚሱን እንጂ ጠርሙሱን አይደለም። ቀሚሱ ከፒ ቪ ሲ የተሠራ እንደ ሆነ ደግሞ እንደ ፔት ከውኃ ይከብዳልና በገንዳው ውስጥ አብሮ ይሰምጣል፤ ያን ጊዜ ለመለየት መላ የለም። በአገራችን የውኃ ጠርሙሶች አንገት ላይ ክዳኑን አቅፎ ይያዝ የነበረው ስስ መሸፈኛ የዚህ ወገን ነው። አንዳንድ የውኃ ፋብሪካዎቻችን ትተውታል፤ መልካም አድርገዋል፤ ክዳኑ ራሱ ሲከፈት የሚበጠስ ቀለበት ስላለው ማኅተሙን የሚጠብቀው እርሱ ነው።

ከበቆሎና ከሸንኮራ ስለሚሠራው ፕላስቲክም አንድ ቃል እንናገር፤ ስሙ መልካም ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይወደዋልና። ፒ ኤል ኤ የሚባለው ይህ ዓይነት መልኩ ፔትን ይመስላል፤ በውኃም ውስጥ እንደ ፔት ይሰምጣል። የሚቀልጠው ግን ፔት ከሚቀልጥበት እጅግ ባነሰ ሙቀት ስለ ሆነ በማድረቂያው ውስጥ ይለጠልጣል፤ ሥራውንም ያጓትታል። ለብቻው ቢሰበሰብ ጉዳት የለውም፤ ከፔት ጋር ሲቀላቀል ግን ከቅን አሳብ የተወለደ እንቅፋት ይሆናል።

ክዳንን የተመለከተው ነገር ትንሽ ያስቃል። የአውሮጳ ኅብረት በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ እስከ ሦስት ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈትም ከጠርሙሱ እንዳይለይ አዘዘ፤ ትእዛዙ ሥራ ላይ የዋለው በ2024 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ነው። ጠጪው ክዳኑ አፍንጫውን ስለሚነካው አጕረመረመ፤ በየአገሩም ብዙ ተቀለደበት። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ተለይቶ የሚጣል ክዳን በየባሕሩ ዳርቻ አብዝተው ከሚገኙት ቆሻሻዎች አንዱ ነው። ከጠርሙሱ ጋር ቢመጣ፣ ቀደም ብለን እንዳልነው በገንዳው ውስጥ ራሱ ተንሳፍፎ ይለያል፤ እርሱም ዋጋ ያለው ፕላስቲክ ነው።

ወደ ቆራሌው እንመለስ። የብስኩቱን መጠቅለያና የሻምፖውን ከረጢት የማያነሣው ስለ ምን እንደ ሆነ አሁን ለመረዳት አያስቸግርም። ያ የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓይነት ፕላስቲክ፣ አንዳንዴም ከወረቀት እጅግ የሳሳ አሉሚኒየም በላይ በላዩ ተጣብቀው የሆኑት ነው። አንዱ እርጥበትን ይከለክላል፤ አንዱ አየርን ይከለክላል፤ አንዱ ጽሕፈቱን ይሸከማል። ብልኃቱ ድንቅ ነው፤ ብስኩቱም ሳይለዝ ይቆያል። ነገር ግን በመካከላቸው ገብቶ የሚለያያቸው ውኃም ሆነ እጅ የለም። ጥቁር የምግብ ሳህኖችም የራሳቸው ችግር አለባቸው፤ ጥቁረት የሚሰጣቸው የከሰል ዱቄት ያን መለያ ብርሃን ውጦ ያስቀረዋልና ለመሣሪያው እንደሌሉ ናቸው።

የጥርስ ሳሙናውም ቱቦ እንዲሁ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ተጣብቀው የሚሠሩት ስለ ነበረ ተስፋ የተቈረጠበት ዕቃ ነበር። ኮልጌት የተባለው ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ሙሉው ቱቦ የጀሪካን ዘመድ ከሆነው ከጠንካራው ፖሊኤቲሊን እንዲሆን አሰቡ። ችግሩ ይህ ፕላስቲክ ደረቅ መሆኑ ነው፤ ቱቦ ደግሞ ተጨምቆ የመጨረሻዋን ጠብታ መስጠት አለበት። የዚያኑ ፕላስቲክ የተለያዩ ደረጃዎች በስስ በስሱ ደራርበው፣ ለእጅ የሚታዘዝ ሆኖም ሲቀልጥ አንድ ዓይነት የሚሆን ቱቦ በ2019 ዓ.ም. አወጡ፤ አሠራሩንም ለተወዳዳሪዎቻቸው ሳይቀር ገለጡ። «አይቻልም» ተብሎ የተተወው ነገር ሲሠራበት እንደሚቻል ይህ ያሳያል፤ እኛም ስለ ብስኩቱ መጠቅለያ ተስፋ የማንቈርጠው ስለዚህ ነው።

የዚህ ሁሉ ዕዳ በማን ላይ ይወድቃል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ነዳፊው ያማረ ቀለም መርጦ ደመወዙን ይቀበላል፤ ነጋዴው ሸጦ ያተርፋል፤ እኛም ጠጥተን እንረካለን። ዕዳው የሚቀረው በቃሚው ጫንቃ ላይ ነው። አንድ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ 20 ግራም ቢመዝን አንድ ኪሎ ለመሙላት 50 ጠርሙስ ማጎንበስ ያስፈልጋል፤ ከእነዚያ መካከል አሥሩ በቀለማቸው ወይም በቀሚሳቸው ምክንያት ቢጣሉበት አሥር ጊዜ ያጎነበሰው በከንቱ ነው። የማንም የማይሆነው ሁሉ ደግሞ ወደ ክምሩ ይሄዳል። ሮላንድ ጌየር የተባለ ሊቅ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2017 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በዓለም ላይ ከተጣለው 6 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ቶን ያህል ፕላስቲክ ተመልሶ የተሠራው ከመቶ 9 እጅ ብቻ መሆኑን አመልክቷል። በአዲስ አበባ ክምሩ ስም አለው፤ ቆሼ ይባላል። በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ነፍሳት ከነቤታቸው እንደ ተቀበሩ ማንም አይረሳውም። ክምሩ የፕላስቲክ ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን መልሶ ለሥራ ሊውል የማይችል ነገር በተመረተ ቍጥር ክምሩ ከፍ ይላል።

ሕግ ወደ ነዳፊው ጠረጴዛ መድረስ ጀምሯል። በ2025 ዓ.ም. በአውሮጳ ኅብረት የጸናው የማሸጊያ ደንብ፣ ከ2030 ዓ.ም. አንሥቶ በገበያቸው የሚውል ማሸጊያ ሁሉ መልሶ ለመሠራት እንዲመች ሆኖ እንዲነደፍ ያዛል፤ ማሸጊያውም እንደ ተማሪ በሦስት ማዕርግ ይመደባል፤ ዝቅተኛውን ማዕርግ ያላገኘ አይሸጥም። ዕቃውን በማሸጊያ አድርጎ ወደዚያ የሚልክ የእኛም ነጋዴ ይህን ከአሁኑ ቢያጠና ይጠቅመዋል። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን የማይበሰብስ ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢትን ጨርሶ ከለከለ። ሁለቱም ስለ ከረጢት ናቸው። ስለ ጠርሙሱ ቀለም፣ ስለ ልጣፉ ሙጫና ስለ አንገቱ መሸፈኛም በፋብሪካዎቻችን መካከል እንደ ጃፓኖቹ ያለ ስምምነት ቢደረግ ወጪው ብዙ አይደለም፤ ውኃ ለመሸጥ ሰማያዊ ጠርሙስ ግድ አይደለምና።

በቤት በኩል የሚደረገው ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑም ደስ ያሰኘናል። ከሁለት ውኃ አንዱን የምትገዛ እመቤት በዋጋ እኩል ከሆኑ ነጩን ጠርሙስና አጭር ልጣፍ ያለውን ትምረጥ። ለቆራሌው የምትሰጠውን ባዶውን አድርቃ፣ ክዳኑን ገጥማ ትስጥ። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። ነጭ ጋዝ፣ በረኪና ወይም የተባይ መድኃኒት የተቀዳበት ጠርሙስ ሽታውንና መርዙን በሰውነቱ ውስጥ ይይዛል፤ ታጥቦም አይለቅም። እንዲህ ያለው ከንጹሖቹ ጋር ተቀላቅሎ መሄድ የለበትም። ከዚያም በፊት በቤት ውስጥ ሌላ አደጋ አለው፤ ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን በውኃነቱ ያውቀዋልና ጋዙን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ስለዚህ ጋዝ በጠርሙስ የሚያስቀምጥ ቤተ ሰብ ቢኖር አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰርበት፤ ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታም ይስቀለው።